ሐረጉ ይውጣ፣ ግድግዳው ይድረቅ

በዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱንን፣ በቤት ግድግዳና ጣሪያ ላይ ዕፅዋት ስለማሳደግ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ለይተን መልሰናል። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ ግን የአየራቸው ልዩነት ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ ለአንዱ ከተማ የሰጠነውን መልስ የሌላው ከተማ አንባቢ እንዳለ ባይወስደው እንመርጣለን። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ፀሐይ የምትሸሽ ነገር ናት፤ ሽቅብ ሲወጡ ደግሞ የምትፈለግ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ባለ አንድ ፎቅ የብሎኬት ቤት ነው። መኝታ ክፍሎቹ በምዕራብ በኩል ናቸው፤ ግድግዳው 8 ሜትር ርዝመት፣ 6 ሜትር ቁመት አለው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ አያስተኛም። ሐረግ ባስወጣበት ይቀዘቅዝልኛል? በምን ላይስ ላስወጣው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ይቀዘቅዝልዎታል። መጀመሪያ ግን ቀና ብለው ጣሪያዎን ይመልከቱ። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ከሌለ፣ ወይም በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የታፈነው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከሌለ፣ ግድግዳውን በቅጠል ቢያለብሱትም ሙቀቱ ከላይ ይወርድብዎታል። ያ ከተስተካከለ ወደ ግድግዳው እንለፍ።

ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ጨረሯ የምዕራቡን ግድግዳ ፊት ለፊት ይመታዋል። 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከነልስኑ ያን ሙቀት ወዲያው አያሳልፍም፤ ይጠጣውና ከአምስት ስድስት ሰዓት በኋላ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። ደጅ አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላ መኝታ ቤቱ የሚግለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ፀሐይዋን ግድግዳው ላይ ሳትደርስ ቅጠል ይቀበላት። ቅጠሉ ጥላ ከመሆኑም በላይ ውኃ ያተናል፤ አንድ ሊትር ውኃ ሲተን 0.68 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በደንብ የለበሰ ግድግዳ ገጹ ካልለበሰው ይልቅ በ10 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል። የክፍሉ አየር በዚያ ልክ አይወርድም፤ ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢወርድ ነው። ለእንቅልፍ ግን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሐረጉን ግድግዳው ላይ አያስወጡት። ከግድግዳው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ የሚቆም የብረት መወጣጫ ያሠሩ። ክፍተቱ ከታችም ከላይም ክፍት ይሁን፤ የሞቀው አየር እንደ ጭስ ማውጫ ሽቅብ ይወጣል፣ ልስኑም ይደርቃል።

ለእርስዎ ግድግዳ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ባለ 40 በ40 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ 5 ቁራጭ፤ በየ2 ሜትሩ ይቆማል፤ የገበያው ቁመት 6 ሜትር ስለሆነ ቁርጥራጭ አይተርፍዎትም። ለአግዳሚው 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ50 ሳንቲ ሜትር ይበየዳል፤ 12 ረድፍ ሲባዛ በ8 ሜትር 96 ሜትር ነው፤ ባለ 12 ሜትር ፌሮ 8 ቤርጋ ልክ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ቋሚ 40 በ40 ስፋት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የኮንክሪት መሠረት ይሞላል። ቱቦላሬውን ኮንክሪቱ ውስጥ አይቅበሩት፤ አፈርና ኮንክሪት በሚገናኙበት መስመር ላይ በጥቂት ዓመት ይበላል። እግሩ ላይ ፕሌት ተበይዶ፣ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለው ኮንክሪት ላይ በቦልት ይታሰር።

አብዛኛው በያጅ የሚሳሳተው ማሰሪያው ላይ ነው። ፊሸር ወይም ቦልት ባዶ ሆድ ብሎኬት ውስጥ ቢመታ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ በመጀመሪያው የክረምት ዐውሎ ነፋስ ግን ከነቁራሹ ይወጣል። ያረጀ ሐረግ ከዝናብ በኋላ በካሬ ሜትር 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። 25 ኪሎ ብለን ብናሰላ በእርስዎ 48 ካሬ ላይ 1200 ኪሎ ይሆናል። ይህን ክብደት መሬቱ ይሸከም፤ ግድግዳው የነፋሱን ግፊት ብቻ ይያዝ። ለዚያም ማሰሪያው የሚገባው ኮለኑ (የኮንክሪት ምሰሶው)፣ የፎቁ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለሉ) ጠርዝና የላይኛው ቢም (አግዳሚው ኮንክሪት) ላይ ነው፤ ባለ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ቦልት ኮንክሪቱ ውስጥ ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር ይግባ። ኮለኑ የት እንዳለ ካላወቁ ግድግዳውን በመዶሻ ያንኳኩ፤ ብሎኬቱ ያስተጋባል፣ ኮንክሪቱ ዝም ይላል።

ብረቱ ሁለት እጅ አንቲረስት፣ ከዚያ ነጣ ያለ የዘይት ቀለም ይቀባ። ጥቁር ቀለም አንመክርም፤ የኮምቦልቻ የግንቦት ፀሐይ ጥቁር ብረትን ስለሚያግል ለጋው የሐረግ ጫፍ ጠምጥሞ ሳይጨርስ ይጠወልጋል።

ስለ ተክሉ፦ ቡገንቪሊያ ለዚህ ግድግዳ ተፈጥሮለታል ማለት ይቻላል። ሙቀት ይወዳል፣ ከለመደ በኋላ ውኃ አያበዛም። ራሱ ስለማይጠመጠም ግን በየጊዜው ማሰር ያሻል፤ እሾሁም መስኮት አጠገብ ያስቸግራል። ፓሽን ፍሩት በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙውን ይሸፍናል፣ ፍሬም ይሰጣል፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ሆዱ ባዶ እየሆነ ይሄዳል። የአገራችን ጠምበለል ዝግ ብሎ ያድጋል፤ ነጭ አበባው ማታ ማታ መኝታ ቤትዎን በመልካም መዓዛ ይሞላዋል። እኛ ብንሆን ዳርና ዳሩን ቡገንቪሊያ፣ መሐሉን ጠምበለል እንተክላለን፤ ጠምበለሉ እስኪደርስም ሁለት ፓሽን ፍሩት እናስገባለን። በየመንገዱ ዳር በቀለማት የሚያምረውን የወፍ ቆሎ ግን ወደ ግቢዎ አያስገቡት፤ ወፍ ፍሬውን እየበተነ የግጦሽ መሬት የሚወርር፣ ከብትም የሚመርዝ ተክል ነው።

ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ይሁን፤ መሐሉ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ሁለት እጅ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ይሙሉ። መሬትዎ ዋልካ ከሆነ ጉድጓዱን ከ1 ሜትር በላይ ያርቁትና ሐረጉን ወደ መወጣጫው አዘንብለው ይምሩት። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረት ሥር ሁልጊዜ ውኃ ማፍሰስ ግድግዳ ያስነጥቃል።

የሚተክሉት በሰኔ መጨረሻ ነው፤ ክረምቱ ሥር ያስይዝልዎታል። በመጀመሪያው በጋ ለእያንዳንዱ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ጀሪካን ያጠጡ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ሙሉ ጀሪካን፣ ቀስ ብሎ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል፤ ሁለት ቀን ውኃ ሲጠፋ ተክሉ አብሮ ይጠፋል። አትክልት የታጠበበት ውኃ ይሆናል፤ በረኪና ወይም ብዙ የዱቄት ሳሙና ያለበት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቤታችን ደሴ ሆጤ ነው። ፊቱ ወደ ደቡብ የሆነውን ግድግዳ ከአምስት ዓመት በፊት ያ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚወጣውን ትንሽ ቅጠል ፋይከስ ተከልንበት። አሁን ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነው፣ የሚያልፈው ሁሉ ያደንቀዋል። ውስጡ ግን ሻግቷል፤ ቀለሙ ይላጣል፣ ቤቱ ከድሮው ይቀዘቅዛል። ባለቤቴ ነገ ይነቀል ይላል። እናንተ አብሽሩ ካላችሁን እንተወዋለን። (ከደሴ)

መልስ፦ አብሽሩ፣ ግድግዳው ይድናል። ፋይከሱ ግን መሄድ አለበት፤ ነገ ደግሞ መነቀል የለበትም።

ፋይከስ ፑሚላ የሚወጣው ከግንዱ በሚያበቅላቸው ጥቃቅን ሥሮች ነው። ሥሮቹ የሚጣበቅ ፈሳሽ አውጥተው ልስኑን ይይዛሉ፤ ስንጥቅ ካገኙም ይገቡበታል። ጤነኛ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ቀለም በተቀባ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ባለው ልስን ላይ ግን በሕይወት እያለ ቢጎትቱት ቀለሙንና ልስኑን በቁራሽ በቁራሽ ይዞ ይወርዳል።

ሌላው ጥፋት የቦታው ምርጫ ነው። እዚህ ኬክሮስ ላይ፣ 11 ዲግሪ ሰሜን፣ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ቀሪውን ጊዜ በደቡብ። የደቡብ ግድግዳ ፀሐይ የሚያገኘው እንግዲህ በበጋው፣ ውርጭ በሚወርድባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ጭምር ነው። ደሴ ላይ ያ ግድግዳ የቤቱ ምድጃ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን በማያረግፍ ተክል ሲሸፍኑት ምድጃው ጠፋ፤ ክረምት የጠጣውን ውኃም በጋ የሚያደርቅለት ፀሐይ አጣ። ሻጋታው ከዚያ መጣ። ለኮምቦልቻ የምዕራብ ግድግዳ በረከት የሆነው ጥላ እዚህ መርገም ሆነ።

አነቃቀሉ እንዲህ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት፣ እያንዳንዱን ግንድ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቁረጡና 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ አውጥተው ይጣሉ፤ የላይኛው ከታችኛው እንዳይገናኝ። ሲቆርጡ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ያሳክካል፣ ጓንት ያድርጉ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠብቁ። ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ግንዱ ሲሰባበር ከላይ ወደ ታች እያነሱ ያውርዱት። የቀሩትን ጥቃቅን ሥሮች በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉ። ከዚያ ልስኑን በመዶሻ እጀታ ያንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሁሉ ይፈንቀል። በአንድ እጅ ሲሚንቶ ሦስት እጅ አሸዋ ይለሰንና ለሰባት ቀን ውኃ ይጠጣ። ለመቀባት አይቸኩሉ፤ እስከ ጥር መጨረሻ ፀሐይ ይምታው። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም በሰኔ ይነሳል።

በዚህ መሐል አሸንዳው ይታይ፤ መሬቱም ከግድግዳው እየራቀ በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። አረንጓዴው ከናፈቃችሁ በምዕራብ በኩል፣ ለኮምቦልቻው አንባቢ በነገርነው ዓይነት ራሱን በቻለ መወጣጫ ላይ፣ አዞ ሐረግ ወይም ጠምበለል ይውጣ። ሁለቱም የደጋ ልጆች ናቸው። አዞ ሐረግ ጭማቂው ቆዳ ስለሚያቆስል ልጆች ከሚጫወቱበት ይራቅ። የደቡቡን ግድግዳ ራቁቱን ተዉት።

ጥያቄ፦ የወላጆቼ የጭቃ ቤት ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ማፍረስ አንፈልግም። ሐረግ ቢወጣበት ጉዳት አለው? (ከደሴ)

መልስ፦ አለው። የጭቃ ቤት የሚኖረው ባርኔጣውና ጫማው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው፤ ባርኔጣው የጣሪያው ክንፍ፣ ጫማው የድንጋይ መሠረቱ ነው። ሐረግ ግድግዳውን ሲነካ ጭቃው ከዝናብ በኋላ መተንፈስ ያቅተዋል፤ ጭዱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም በቅጠሉ ተከልሎ ወደ ባሕር ዛፉ ማገር ይወጣል። እግሩ ሥር ውኃ ማጠጣት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

ማፍረስ አለመፈለጋችሁ ግን ደስ ብሎናል፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ደሴ ላይ ከብሎኬት የተሻለ ሙቀት ይይዛል። ከግድግዳው ቢያንስ 1.20 ሜትር ርቆ፣ ከጣሪያው ጠብታ ውጭ የሚቆም ዳስ ሠርታችሁ ሐረጉን በዚያ ላይ ማስወጣት ትችላላችሁ። አጥሩ ላይ ቀጋ ያምራል፤ ነጭ አበባና የሚበላ ፍሬ አለው፣ ውርጭ አይበግረውም፣ እሾሁም ከሽቦ አጥር ይበልጣል። ከማድ ቤቱ ጭስ ማውጫና ከመብራት ቆጣሪው ማንኛውም ተክል 2 ሜትር ይራቅ፤ በጋ ላይ የደረቀ ቅጠል አንድ ፍም ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ አለን። ጣሪያው ጠፍጣፋ ሶሌታ ነው። ሚላኖ ከተማ ዛፍ የለበሱትን ሁለት ሕንፃዎች ፎቶ አይተን እኛም ጣሪያው ላይ አፈር ሞልተን አትክልትና ጥቂት ዛፍ ልንተክል አሰብን። አፈሩን ከምን ያህል ውፍረት እንጀምር? (ከደሴ)

መልስ፦ አፈር ከማውጣታችሁ በፊት ይህ ደብዳቤ በመድረሱ ደስ ብሎናል።

ያያችኋቸው ሕንፃዎች ቦስኮ ቬርቲካሌ ይባላሉ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቁ፤ የነደፋቸው ስቴፋኖ ቦኤሪ ነው። ወደ 800 የሚጠጉ ዛፎች አሉባቸው። ዛፎቹ የተቀመጡት ገና ከንድፉ ለዚያ ክብደት በተሰላ በረንዳ ላይ፣ በኮንክሪት ገንዳ ውስጥ ነው፤ ነፋስ እንዳይጥላቸው ታስረዋል፤ የሚገርዟቸውም ከጣሪያው በገመድ የሚወርዱ ባለሙያዎች ናቸው። የእናንተ ሶሌታ ለዚህ አልተሠራም። ዛፉን ከሐሳባችሁ አውጡት።

ሒሳቡን ተመልከቱ። ተራ አፈር ውኃ ሲጠግብ በሜትር ኩብ እስከ 1800 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ብትሞሉ በካሬ 540 ኪሎ ነው። ለመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚታሰበው የሰውና የዕቃ ጭነት በካሬ 200 ኪሎ ያህል ነው፤ ሰው የማይወጣበት ጣሪያ ከዚያም ባነሰ ይሰላል። በዚያ ላይ ያለነው ስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባና ደሴ መንገድ ላይ ባለችው በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። አናት ላይ የተጫነ ክብደት ምድር ስትንቀጠቀጥ ሕንፃውን በሙሉ ይወዘውዘዋል። ስለዚህ የስትራክቸር ንድፉን ይዛችሁ ወደ መሐንዲስ ሂዱ፤ «በካሬ 200 ኪሎ ቋሚ ጭነት ብጨምር ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። አይችልም ካላችሁ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይቅርባችሁና ጥቂት ቀላል ማሰሮዎችን በኮለኖቹ አናት ላይ ብቻ አስቀምጡ።

ይችላል ካላችሁ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጭን የጣሪያ መስክ ይበቃችኋል። ከታች ወደ ላይ እንዲህ ይደረደራል። ሶሌታው ወደ ውኃ መውረጃው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ። በላዩ 4 ሚሊ ሜትር የሬንጅ ሜምብሬን (ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ) በእሳት ይለጠፍ፤ በጠርዙ ግድግዳ ላይ ከአፈሩ ገጽ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ቀጥሎ የሚመጣውን ሥራ ማንም እንዳያዘልላችሁ፦ መውረጃዎቹን ደፍናችሁ 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ለ48 ሰዓት አቁሙበት፤ ከታች ያለውን ኮርኒስ እየዞራችሁ እዩ። አፈር ከተሞላ በኋላ የሚያፈስ ቦታ መፈለግ ጣሪያውን በሙሉ እንደገና መቆፈር ነው፤ ውኃው የሚንጠባጠበውም ብዙ ጊዜ ከተቀደደው ቦታ ሜትሮች ርቆ ነው።

ከዚያ ሜምብሬኑን የሚጠብቅ ወፍራም ጂኦቴክስታይል (ውኃ የሚያሳልፍ ጨርቅ)፤ በላዩ 5 ሳንቲ ሜትር የተነፋ ስኮሪያ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ ባለ 10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር፤ ዱቄቱ ካልተነፋ መውረጃውን ይደፍናል። ከዚያ ስስ ጂኦቴክስታይል። በመጨረሻ 10 ሳንቲ ሜትር ድብልቅ፦ ሰባት እጅ ደቃቅ ስኮሪያ ወይም ፑሚስ፣ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት። ለ10 ካሬ 0.5 ሜትር ኩብ የተነፋ ስኮሪያና 1.2 ሜትር ኩብ ድብልቅ ያስፈልጋል፤ ድብልቁ ሲቀመጥ ወደ 1 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ውኃ ጠጥቶ ሲጠግብ ሜምብሬኑና ጨርቁ 5፣ ስኮሪያው 50፣ ድብልቁ 130፣ ተክሉ 15፤ በካሬ 200 ኪሎ ሞላ።

ደሴ ላይ የሚያሰጋው በረዶ ነው። አንድ ኃይለኛ በረዶ ቅጠል ቆራርጦ ከነበረዶው ወደ መውረጃው ይሰደዋል፤ መውረጃው አንድ ብቻ ከሆነ ይደፈናል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ውኃ ከቆመ ያልታሰበ 100 ኪሎ በካሬ ተጨመረ። ቢያንስ ሁለት መውረጃ ይኑር፤ በጠርዙ ግድግዳ ላይም ውኃው ሞልቶ ወደ ውጭ የሚዘልበት ቀዳዳ ይበሳ። በመውረጃውና በጠርዙ ዙሪያ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠጠር እንጂ አፈር አይኑር።

በ10 ሳንቲ ሜትር ድብልቅ ውስጥ ጎመንና ቲማቲም አይደሰቱም። ጦስኝ ግን አገሩ ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋ ተክል ነውና ስስ አፈር፣ ብርድና ነፋስ ለምዷል፣ ለሻይም ይሆናል። በካሬ 12 ችግኝ በሐምሌ መጀመሪያ ይተከል። በመካከሉ ሴደምና እንዳሁላ ይግቡ። በመጀመሪያው በጋ በየሦስት ቀኑ ለ10 ካሬ ሁለት ጀሪካን ውኃ ይበቃል። በየሁለት ወሩ አንድ ሰው ወጥቶ ወፍ ያመጣችውን የዋርካ፣ ነፋስ ያመጣውንም የባሕር ዛፍ ቡቃያ በእጁ ይንቀል፤ ጣት ሲያክል በቀላሉ የሚወጣው፣ ክንድ ሲያክል ሜምብሬኑን በስቷል።

ጥያቄ፦ ካፌያችን ፊት ለፊት 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ፣ ኪስ ኪስ ያለው የጨርቅ ሕያው ግድግዳ አሠራን። በአራት ወር ውስጥ ላዩ ደረቀ፣ ታችኛው በሰበሰ። የሠራልን ሰው ውኃ አላጠጣችሁም ይላል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ፓምፕ እናስነሳለን። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጥፋቱ የእናንተ አይመስለንም። ይህን አሠራር በዓለም ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፓትሪክ ብላን ነው፤ ጠንካራ የፒቪሲ ሰሌዳ፣ በላዩ ሁለት ድርብ ጨርቅ፣ ከአናቱ በተበሳ ቱቦ የሚወርድ ማዳበሪያ ያለው ውኃ። አፈር የለውም። አፈር ከሌለ ጥሪት የለም፤ መብራት ከረፋድ እስከ ማታ ከጠፋ በግንቦት ሙቀት ሥሩ በዚያው ቀን ይደርቃል። ውኃውም ቁልቁል ስለሚሄድ ላዩ ይጠማል፣ ታቹ ይሰጥማል። ጀበናው ወይም ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ንጣፍ የሚይዝ ከሆነ ያው ኖራ የቱቦውን ቀዳዳዎች ደፍኗል፤ ቱቦውን ፈታችሁ ሌሊቱን አቼቶ ውስጥ ብትነክሩት ይከፈታል፤ በየሁለት ሦስት ወሩ ግን ይመለሳል።

እንደገና ጨርቅ አትግዙ። ከመሬት የቆመ የብረት መደርደሪያ ላይ ሦስት ረድፍ ገንዳ አሠሩ፤ እያንዳንዱ 4 ሜትር ርዝመት፣ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር። ለጣሪያው የጻፍነውን ድብልቅ ሙሉበት። አንዱ ገንዳ ከነውኃው 470 ኪሎ ያህል፣ ሦስቱ 1.4 ቶን ስለሚሆኑ ግድግዳው ላይ በቦልት ብቻ አይንጠልጠሉ። ከሥሩ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳ፤ የላይኛው ትራፊ ለታችኛው ይንጠባጠባል። 500 ሊትር ሮቶ ከላይኛው ገንዳ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ፓምፑ ሮቶውን መብራት ሲኖር ይሞላል፣ ተክሉን የሚያጠጣው ግን የውኃው የራሱ ቁልቁለት ነው። ይህ ከፍታ የሚሰጠው ግፊት ትንሽ ስለሆነ የገበያውን ጠብታ ማጠጫ ጫፍ አይገፋም፤ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ በ2 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብሱና መግቢያው ላይ ማጣሪያ አድርጉ። በሞቃቱ ወራት በቀን 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ጀሪካን ይበቃዋል፤ አንዴ የሞላ ሮቶ ስምንት ቀን ያቆያችኋል። የጥብስ ቅጠል፣ እሬትና ትንሽ ቁመት ያለው ጽጌረዳ ይዘልቁበታል።

ጥያቄ፦ ዋናው መንገድ ዳር ነን። ሐረግ የከባድ መኪናውን ድምፅ ይቀንስልናል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይቀንስም፤ ለድምፅ ክብደት ያለው አጥር ያስፈልጋል። አቧራውን ግን ቅጠል ይይዛል፤ በበጋ በየሁለት ሳምንቱ በውኃ ካልታጠበ ቅጠሉ ራሱ ይታፈናል።

ጥያቄ፦ እማማ «እባብና ትንኝ ትጋብዣለሽ» እያሉ ሐረጉን እንዳልተክል ከለከሉኝ። እውነት ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እማማ የሚሉት መሠረት አለው፤ ይስሟቸው፣ ሐረጉንም ይትከሉት። እባብ የሚመጣው አይጥ ፍለጋ ነው፤ አይጥ የሚመጣው መሬት ላይ የተከመረ ቅጠልና ወደ ጣሪያ የሚያሻግር ቅርንጫፍ ሲያገኝ ነው። ከመሬት እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ግንዱን ከቅጠል ያጽዱት፤ ከጣሪያው ክንፍ በታች 50 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ጫፉን ይቁረጡ፤ በመስኮት ዙሪያም 50 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተዉ። የወባ ትንኝ ቅጠል ላይ አትራባም፤ የቆመ ውኃ ነው የምትፈልገው። ኮምቦልቻ ወባ የምታውቅ ከተማ ናትና የማሰሮ ሥር ሳህን አይኑር፤ የውኃ በርሜሉም ክዳኑ ይገጠም፤ ክዳን ከሌለው በጥቅጥቅ የትንኝ ወንፊት ይሸፈንና ዙሪያው በላስቲክ ይታሰር። ግርዘቱን በዓመት ሁለት ጊዜ ያድርጉት፤ በመስከረም መጨረሻ አንዴ፣ ከክረምቱ በፊት በግንቦት አንዴ፤ የተቆረጠውንም በዚያው ቀን ከግቢ ያውጡት።